ነርስ እየተፈለገ ነርስ ወለል ስትወለውል፦ የአንዲት እህት ጉዳይ ከጀርመን

መነሻ

አውሮፓ ዛሬ የሠራተኛ ያለህ እያለች ነው። በተለይ ሕመምተኛና አረጋዊ የሚንከባከብ ሰው ጠፍቷል። ጀርመን ውስጥ አውቶቡስ ላይም ሆነ የሆስፒታል አጥር ላይ «ነርስ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ሳያዩ መዋል ይከብዳል። በዚያው ከተማ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ነርስ የሆኑ የእኛ ሰዎች ማታ ማታ ቢሮ ያጸዳሉ።

የዚህ ጉዳይ ባለቤት ከእነሱ አንዷ ናት። እኔ በትርፍ ጊዜዬ የወገኖችን ደብዳቤና ፎርም ከሚያግዙት መካከል ነኝና ነገሩን ከቅርብ አይቼዋለሁ። የምጽፈው ጠይቄያት ፈቅዳልኝ ነው። ስሟን፣ ከተማዋን፣ የተማረችበትን ኮሌጅና የሠራችበትን ቤት ትቻለሁ።

ለምን ይጻፍ? ዩሮስታት (የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት) በየዓመቱ እንደሚያወጣው፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ መጥተው ከፍተኛ ትምህርት ኖሯቸው ከሚሠሩት ውስጥ ከ10ሩ ወደ 4 የሚጠጉት ከትምህርታቸው በታች የሆነ ሥራ ላይ ናቸው። ለአገሬው ሰው ይኸው ቁጥር ከ10ሩ ወደ 2 ነው። ኅብረቱ ደግሞ በ2030 (በፈረንጅ) ከ20 እስከ 64 ዓመት ካለው ሕዝብ 78 በመቶው ሥራ እንዲኖረው ግብ ይዟል። ግቡ ጥሩ ነው። ግን የሚቆጥረው ሥራ ያለውንና የሌለውን ብቻ ነው። ነርሷ ወለል ስትወለውል «ሥራ ያላት» ተብላ ትመዘገባለች። ወረቀቱ ላይ የተሳካላት ስደተኛ ናት። የጠፋችው ነርስ በግቡ ሰንጠረዥ ላይ አትታይም። ይህ ጉዳይ የጠፋችው ነርስ እንዴት እንደተገኘች ነው።

ማን ናት

ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች የሁለት ልጆች እናት ናት። አገር ቤት፣ በአንድ የክልል ከተማ፣ ከአንድ የግል ጤና ኮሌጅ በክሊኒካል ነርሲንግ በዲፕሎማ የተመረቀችው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ወስዳ አልፋለች። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥላ ሆስፒታል ሠርታለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ክፍልና ማዋለጃ። ደም ሥሩ አልገኝ ያለ ሕፃን ሲመጣ የምትጠራው እሷ ነበረች ይላሉ አብረዋት የሠሩ።

ጀርመን የገባችው በ2018 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አቆጣጠሩ ራሱ ኋላ ጣጣ ይዞ ይመጣል)። ባለቤቷ ቀድሞ ጥገኝነት አግኝቶ ስለነበር በቤተሰብ መቀላቀል መጣች። እንዲህ የመጣ ሰው የሥራ ፈቃድ አይቸግረውም፤ እንደገባ መሥራት ይችላል።

የቋንቋ ትምህርቱን ጀመረች። መደበኛው ኮርስ 600 ክፍለ ጊዜ ቋንቋ፣ 100 ክፍለ ጊዜ ደግሞ ስለ አገሩ ሕግና ኑሮ ነው። መሃል ላይ ሁለተኛ ልጅ ተወለደ። ከዚያ ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ቤ1ን (መካከለኛውን የቋንቋ ደረጃ፤ ቤ2 ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው) የያዘችው በ2021 ነው። በዚያው ዓመት የጽዳት ሚኒጆብ (የገቢ ጣሪያ ያለው ትንሽ ሥራ) ጀመረች፤ ያኔ ጣሪያው በወር 450 ዩሮ ነበር። ባልየው መጋዘን ውስጥ ሙሉ ሰዓት ይሠራል፣ የቤት ኪራዩ ግን ደመወዙን ስለሚበላው ጆብሴንተር (ድጎማ የሚሰጠውና ሥራ የሚያስይዘው መሥሪያ ቤት) ይደጉማቸዋል።

የምታጸዳው ሕንፃ ውስጥ አንድ የቤት ለቤት ነርሲንግ ድርጅት ቢሮ አለው። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የተመረቀ ነርስ ይፈልጋል፣ ለሚቀጠር ሰውም የመግቢያ ጉርሻ እሰጣለሁ ይላል። እሷ በሳምንት አራት ቀን የዚያን በር መስታወት ትወለውላለች።

ችግሩ የት ላይ ነበር

ሰው ሁሉ «ቋንቋ ነው» ይላል። ቋንቋ አንዱ ነው። ግን ቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት ዓመት በቂ ነበር።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የመጣች ነርስ፣ ለምሳሌ ከፖላንድ፣ በ2005 በወጣው የኅብረቱ መመሪያ መሠረት ሙያዋ እንዲያው በቀጥታ ይታወቅላታል። ትምህርቱ ቢያንስ 4,600 ሰዓት መሆን አለበት፣ አገራቱ ተስማምተውበታል፣ አለቀ። ከኢትዮጵያ ለመጣች ነርስ እንዲህ ዓይነት ስምምነት የለም። ደግነቱ ጀርመን ከኤፕሪል 1 ቀን 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ አለ፤ ዜግነትህ ምንም ይሁን ምን ያመጣኸው ሙያ ከጀርመኑ ጋር ተነጻጽሮ እንዲታይልህ መጠየቅ ትችላለህ። የእኛ ሰው «አነርኬኑንግ» የሚለው ይህንን ነው። ነርስነት ደግሞ ሕግ የሚጠብቀው ሙያ ነው፤ ያለዚህ ወረቀት አሥር ዓመት ብትሠራም ነርስ ተብለህ አትቀጠርም።

ስለዚህ መብቱ ነበር። ችግሩ ማንም የቱን አስቀድሚ የቱን አስከትዪ አለማለቱ ነበር። የጆብሴንተሯ ሠራተኛ «መጀመሪያ ቤ2 ያዢ፣ ከዚያ ማመልከቻ እናያለን፤ እስከዚያ ግን ሥራ አትተዪ» አለቻት። ሴትዮዋን መውቀስ አይቻልም፤ ያኔ ሕጉ ራሱ ሥራ ማስያዝን ከሥልጠና ያስቀድም ነበር። ቤ2 ለመያዝ ደግሞ ጊዜና ጀርመንኛ የሚያናግር ሰው ያስፈልጋል። ማታ ባዶ ቢሮ የሚያጸዳ ሰው ከማን ጋር ያወራል? ከቫኪዩሙ ጋር? ቀን ልጅ ትጠብቃለች፣ ማታ ታጸዳለች፣ ጀርመንኛዋ ቤ1 ላይ ቆሞ ቀረ። እንዲያውም ወደ ኋላ ሄደ።

እኔ ጋ ስትመጣ «እትዬ፣ እኔ ነርስ ነበርኩ ማለት አፍሬያለሁ። ሰው የሚያወራ እንጂ የሚያምን የለም» አለችኝ። አብረዋት የመጡት ብዙዎቹ «እርሺው፣ ከዜሮ አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ጀምሪ» ይሏታል። ይህ ምክር የሚናቅ አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወረቀቱ፦ በ13 ዓመቷ የተመረቀች ነርስ

የወሰድነው የመጀመሪያ እርምጃ ቤ2ን ሳንጠብቅ ፋይሉን መክፈት ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች የቋንቋ ሰርተፍኬቱ መጨረሻ ላይ፣ ፈቃዱ ሲሰጥ ነው የግድ የሚሆነው። ማመልከቻው ግን ቀድሞ መግባት ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፣ ቢሮ ውስጥ ያሉትም ሁሉም አያውቁትም።

ዶሴውን ስንከፍት ጉድ ፈላ። ቀደም ብላ በራሷ ገንዘብ ዲፕሎማዋን አስተርጉማ ነበር። ተርጓሚው «2003»ን እንዳለ ገልብጦታል። ፓስፖርቷ ላይ ደግሞ የልደት ዘመኗ 1990 ነው። ጀርመናዊው ፋይሉን ከፍቶ ሲያይ በ13 ዓመቷ ነርስ የሆነች ሴት ያገኛል! የሥራ ልምድ ደብዳቤው በአጋጣሚ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ስለዚህ ተመርቃ ለስምንት ዓመት ያህል የት እንደነበረች የማይታወቅ ክፍተት መጣ። ከድጡ ወደ ማጡ ነው። እውቅና ባለው ሌላ ተርጓሚ ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ የፈረንጁ ዓመት ተጽፎ፣ ስለ ኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ መስመር ማብራሪያ ተጨምሮበት እንደገና ተሠራ።

ቀጥሎ ስም። የአባቷ ስም በላቲኑ ፊደል ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዲፕሎማው ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፏል። በአማርኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት። ከቆንስላ የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ተወሰደ።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ሰዓቱ ነበር። የጀርመን የነርስ ትምህርት ሦስት ዓመት ነው፤ 2,100 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2,500 ሰዓት ተግባር ላይ። መስሪያ ቤቱ ለማነጻጸር የሚፈልገው፣ እሷ ምን ያህል ሰዓት የትኛውን ትምህርት እንደተማረች፣ ተግባሩንም በየትኛው ክፍል ስንት ሰዓት እንደሠራች ነው፤ ሕፃናት፣ ቀዶ ሕክምና፣ አእምሮ፣ እያለ። የእኛ ትራንስክሪፕት ክሬዲትና ውጤት ይናገራል እንጂ ሰዓት አይናገርም። ወንድሟ ኮሌጁ ድረስ ሄደ። ኮሌጁ ሕንፃም ባለቤትም ቀይሯል። ሬጅስትራሯ «የድሮዎቹ ፋይል መጋዘን ነው፣ ነገ ና» አለችው፤ ነገው ወር ሆነ። በመጨረሻ የመጣው ደብዳቤ አጠቃላዩን ሰዓት በደፈናው ብቻ የሚገልጽ ነበር።

ማመልከቻው በ2023 ጸደይ ገባ። ሰነድ ሲሟላ መልሱ በጥቂት ወራት መምጣት አለበት ይላል ሕጉ። «ሲሟላ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ሰው የሚቀረው። የሰዓት ዝርዝር አምጪ የሚል ደብዳቤ መጣ፣ መልስ ሰጠን፣ ሌላ ደብዳቤ መጣ።

በ70 ሳንቲም የተገኘው ጀርመንኛ

ወረቀቱ በዚህ ሁኔታ ሳለ ሁለተኛው እርምጃ ተወሰደ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ። ጽዳቱን ትታ በረዳትነት አረጋውያን መንከባከቢያ ገባች።

መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። ምክንያቷ ገብቶኛል። በ2023 መጀመሪያ የጽዳት ዘርፍ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 13 ዩሮ ነበር። ሙያ የሌለው የእንክብካቤ ረዳት 13.70። ልዩነቱ 70 ሳንቲም! ለ70 ሳንቲም ብዬ የሰው ሽንት ጨርቅ ልቀይር ነው ወይ አለች። ደግሞ ነርስ ሆና ረዳት ተብሎ መጠራት ያማል። በዚያ ሰዓት የተመረቀ ነርስ ዝቅተኛው ክፍያ 17.10 ነበር።

ግን በ70 ሳንቲሙ ውስጥ የተደበቀ ነገር ነበር። መንከባከቢያው ውስጥ ያሉ አዛውንቶች ማውራት ይወዳሉ። ጊዜ አላቸው፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ አንዱን ታሪክ ደጋግመው ያወራሉ። የሰማንያ ምናምን ዓመቷ እናት በየቀኑ ጠዋት ስለ ሟች ባላቸው ተመሳሳይ ታሪክ ሲነግሯት በሦስተኛው ሳምንት እሷ ራሷ ታሪኩን ትጨርስላቸው ጀመር። ጽዳቱ ላይ ዓመታት ሠርታ ያላገኘችው ጀርመንኛ በወራት ውስጥ መጣ። በዚያ ላይ የርክክብ ስብሰባ አለ፤ ተረኛው ለተረኛ የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ የሚያስረዳበት። ፈተናው ላይ የሚጠየቀው ቋንቋ ይኸው ነው።

የቋንቋ ፈተናውንም ቀየርን። ለአጠቃላዩ ቤ2 ስለ አካባቢ ብክለትና ስለ ሚዲያ ድርሰት ስትለማመድ ከርማ ነበር፣ አንዴም ወድቃለች። ለነርሶች የተዘጋጀ ቴልክ የሚባል የቋንቋ ፈተና እንዳለ ስናውቅ ወደዚያ ዞረች። ስለ መውደቅ አደጋ ሪፖርት ጻፊ፣ ለዘመድ በስልክ አስረጂ፣ እንዲህ ያለ ነው። በ2023 መጸው ቤ2 ተያዘ።

አንድ ነገር ሊቀር አይገባም። የመንከባከቢያ ቤት የጠዋት ተራ የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ኪታው (የሕፃናት መዋያው) የሚከፈተው 1 ሰዓት ተኩል። ጀርመን ከ2013 ጀምሮ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ የኪታ ቦታ የማግኘት መብት አለው፤ ቦታው ግን በመብት ልክ የለም፣ የሰዓቱም ነገር ሌላ ነው። ያዳናት ነገር የቤቱ ኃላፊ «የእናቶች ተራ» የሚሉትን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል የሚጀምር አጭር ፈረቃ መፍቀዷ ነው። ባልየውም መጋዘኑን ለምኖ ወደ ማታ ተራ ዞረ። ሁለቱ ለአንድ ዓመት ያህል የሚገናኙት ኮሪደር ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን የማንሣው ለማስለቀስ አይደለም። የፈረቃው ሰዓት ባይቀየር ኖሮ ሕጉም ኮርሱም ዲፕሎማውም ዋጋ አልነበራቸውም።

ሕጉ ሲሻሻል

ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ጀርመን የነርሲንግ ሕጓን አሻሻለች። አመልካች ከፈለገ ዝርዝር ማነጻጸሩን ትቶ፣ ትምህርቱ ጎደሎ ለሆነ ሰው ወደተዘጋጀው የእውቀት ፈተና ወይም ማስተካከያ ሥልጠና በቀጥታ መሄድ ይችላል ተባለ። የእሷ ፋይል ቆሞ የነበረው እዚያው የሰዓት ዝርዝር ላይ ነው። በአንድ ደብዳቤ «ማነጻጸሩ ይቅርብኝ» ብላ ፈረመች። ወንድሟ ስንት ጊዜ የተመላለሰበት ጉዳይ በአንድ ገጽ አለቀ።

ጥቅም ብቻ አይደለም። ማነጻጸሩን ስትተዪ የትኛው ትምህርት እንደጎደለሽ ለይቶ የሚነግርሽ ውሳኔ አይኖርሽም። ሰነዱ የተሟላ ሰው፣ በተለይ በዲግሪ ተመርቆ ረጅም ልምድ ያለው፣ ተነጻጽሮለት ቢያይ ሊጠቅመው ይችላል። ለእሷ ግን መውጫው ይህ ነበር።

ቀጥሎ ምርጫ መጣ። ማስተካከያ ሥልጠናው ረጅም ነው፣ ግን ትልቅ ፈተና የለውም፤ መጨረሻው ላይ ውይይት ነው። ፈተናው ፈጣን ነው፣ የቃልና የተግባር ክፍል አለው፣ የወደቀ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚደግመው። ከዚያ በር ይዘጋል። ፈተናውን መረጠች፤ ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሥልጠናው በየሆስፒታሉ እየዞሩ የሌሊት ተራ ጭምር መሥራትን ይጠይቅ ነበር።

ለዝግጅት ኮርሱ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ሥራ ማስያዝ ከሥልጠና ይቀድማል የሚለው ደንብ ከጆብሴንተሩ ሕግ ወጥቶ ስለነበር የጆብሴንተሯ ሠራተኛ ቢልዱንግስጉትሻይን (የሥልጠና ቫውቸር) ሰጠቻት። ቢሮው ያው ነው፣ ሴትዮዋም ያቺው ናት፣ ደንቡ ሲለወጥ መልሱ ተለወጠ። ስለ ሰው ክፋትና ደግነት ብዙ እናወራለን፤ አንዳንዴ ግን አንድ አንቀጽ ነው ጣጣው።

ፈተናው፦ አባባና ሸሚዛቸው

የቃሉን ክፍል አለፈች። ተግባሩን ወደቀች።

እንዴት? መድኃኒት ላይ አንድም ስህተት አልነበራትም። ቁስል አያያዟን ፈታኞቹ ራሳቸው አድንቀዋል። የወደቀችው ገላ ማጠብ ላይ ነው።

አገር ቤት ሕመምተኛን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው። ነርሷ መርፌ፣ ግሉኮስ፣ ሙቀትና ቻርት ላይ ናት። ጀርመን ውስጥ አስታማሚ የሚባል ነገር የለም፤ ያ ሁሉ የነርስ ሥራ ነው፣ እንደ ዝቅተኛ ሥራም አይታይም። በተቃራኒው እሷ ዓይኗን ጨፍና የምታደርገውን ደም ሥር ማግኘት ብዙ ቦታ ሐኪሙ ነው የሚያደርገው።

በፈተናው ቀን የተሰጧት ታካሚ ስትሮክ የመታቸው አዛውንት ነበሩ። አጠበቻቸው፣ ሸሚዛቸውን አለበሰቻቸው፣ ቁልፉን ቆለፈችላቸው። ፍጥነትና አክብሮት ነበረው። ፈታኟ «ለምን አንቺ ቆለፍሽው?» አለቻት። እዚያ አገር ደንቡ ታካሚው የሚችለውን ራሱ እንዲያደርግ ማገዝ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም። ያልታመመው እጃቸው ቁልፍ ሊቆልፍ ይችል ነበር። እሷ ከወጣች በኋላ እንባ እየተናነቃት «ሽማግሌ ሲታገል ቆሜ ልይ? አባቴን እንዲህ አድርጌ አላደግኩም» አለችኝ። ምን ይባላል። ልክ ናት። ፈታኟም ልክ ናት።

ለድጋሚው ዝግጅቱ ተለወጠ። መጽሐፍ ተዘጋ። መንከባከቢያው ውስጥ አንዲት የተመረቀች ባልደረባዋ ከሥራ ሰዓት ላይ ጊዜ ተሰጥቷት በየሳምንቱ አብራት ቆመች፤ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ ትላት ነበር። የእንክብካቤ ዕቅድ መጻፉንም አብረው ሠሩት፤ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ ምን ታደርጊያለሽ፣ በየስንት ሰዓቱ ታገላብጫለሽ፣ ለምን፣ ውጤቱን እንዴት ታያለሽ። እኛ ጋ በቃል የሚተላለፈው ሁሉ እዚያ ካልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደገመችና አለፈች። የፖሊስና የጤና ማስረጃ ገብቶ ፈቃዷ ወጣ።

ያልሠራው

ብዙ ነገር አልሠራም። ኢንተርኔት ላይ የማታ ቤ2 ኮርስ ከፍላ ነበር፤ ልጆቹ እያለቀሱ ካሜራ ዘግቶ መቀመጥ ሆነ፣ ገንዘቡን ውሃ በላው። ከወገን መካከል «በአንድ ወር አነርኬኑንግ አስጨርሳለሁ» የሚል ደላላም ገጥሟት ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ ጠፍቷል። በደላላ የሚፋጠን ምንም ነገር የለም፤ ማመልከቻ ማስገባት ማንም ይችላል፣ የማማከር አገልግሎቱም በነፃ የሚገኝ ነው።

የአሠሪው በኩል ደግሞ ሳይፈታ የቀረ ጉዳይ አለ። መንከባከቢያው ተራዋን አስተካከለላት፣ የባልደረባዋን ሰዓት ከፈለ፣ ለፈተና ፈቃድ ሰጠ። ፈቃዷ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሆስፒታል የተሻለ ደመወዝ ሰጥቶ ወሰዳት። ሄደች። ብትሄድም አልፈርድባትም። ኃላፊዋ ግን «እኔ አስተምራለሁ፣ ትልቁ ይወስዳል፤ ቀጣይዋን ለምን ብዬ ልያዝ?» አለች። ለዚህ መልስ የለኝም። ትንንሽ አሠሪዎች እንዲህ ያለውን ወጪ ብቻቸውን እስከተሸከሙ ድረስ ቀጣይዋ ረዳት የእናቶች ተራ ስትጠይቅ የምታገኘው መልስ ሌላ ሊሆን ይችላል። ወጪውን መንግሥት ወይም የሚወስዳት ሆስፒታል ቢጋራ ፍትሐዊ ይሆን ነበር።

ሌላው ሰው ከዚህ ምን ይወስዳል

ማመልከቻና ቋንቋ ጎን ለጎን ይሂዱ። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ነው ዓመታት የሚያልፉት።

ሥራ ስትመርጡ ክፍያውን ብቻ አትዩ፣ ከሙያችሁ ጋር ያለውን ርቀትም እዩ። በ2024 ሜይ ላይ የእንክብካቤ ረዳት ዝቅተኛ ክፍያ 15.50፣ የተመረቀ ነርስ 19.50 ደረሰ። ከረዳትነት ወደ ነርስነት የሚወስድ መንገድ አለ። ከማታ ጽዳት ግን ወደ የትም የሚወስድ መንገድ አላየሁም።

ከዜሮ አውስቢልዱንግ የሚለው ምክር ደግሞ እንዲህ ነው። ሰነዱ የጠፋበት፣ ኮሌጁ የተዘጋበት፣ ወይም ሙያውን ከተወ ብዙ ዓመት ያለፈው ሰው ቢጀምር ይሻለዋል። ሦስት ዓመት ነው፣ ግን ደመወዝ አለው፤ በመንግሥት ሆስፒታሎች ስምምነት በ2024 የመጀመሪያው ዓመት ተማሪ በወር ወደ 1,340 ዩሮ ያገኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ በጽዳት ላይ ተቀምጦ «አነርኬኑንግ እየጠበቅኩ ነው» ከማለት በእጅጉ ይሻላል። እሷ ዲፕሎማም ልምድም ስለነበራት ነው ያን ያልመከርኳት።

ለመስሪያ ቤቶቹ የምለው አንድ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በኖቬምበር 2023 ከኅብረቱ ውጭ የተገኘ ሙያ ቀለል ባለ መንገድ እንዲታወቅ ለአገራቱ ምክረ ሐሳብ አውጥቷል። ከዚያ በፊትም በኤፕሪል 2022 ከዩክሬን ለተሰደዱት ሰነዳቸው ባይሟላም ሙያቸው በፍጥነት እንዲታይላቸው መክሮ ነበር። ስለዚህ ሰነድ ሲጎድል ሰውን በፈተና ማየት እንደሚቻል ያውቁታል ማለት ነው። ግዴታ ስላልሆነ እያንዳንዱ አገር የመሰለውን ይሠራል። ጆብሴንተሮችም «ሥራ ያዘች» ብለው ፋይል ሲዘጉ ሥራው ምን እንደሆነ አብረው ቢመዘግቡ የዚህች ሴት ፋይል ከ2021 ጀምሮ ክፍት ይሆን ነበር።

ገና አገር ቤት ላላችሁ ነርሶችና ሚድዋይፎች ደግሞ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ የእያንዳንዱን ትምህርትና የእያንዳንዱን የተግባር ክፍል ሰዓት በዝርዝር፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አውጡ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ የትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ ይናገር፤ «በመልካም ሥነ ምግባር አገልግላለች» ብቻ ለጀርመኑ ምንም አይነግረውም። የሙያ ፈቃዳችሁ ሳያልፍበት ይታደስ። ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈበት ፊደል ሁሉም ላይ ይጻፍ፣ ዓመቱም በሁለቱም አቆጣጠር ይግባ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያረጋግጠውን እዚያው አስጨርሱ። ከሄዳችሁ በኋላ ይህን ሁሉ የሚጨርስላችሁ ወንድም ወይም እህት ነው፤ እሱም የራሱ ሥራ አለው።